ለአንድ ፊት የተቆጠበ ዳታ

ድሬዳዋ ደርሼ ከተመለስኩ ወዲህ ብርድ ልብስ ሊገዛ ሱቄ የሚገባው ሁሉ ዋጋ ከመጠየቁ በፊት «ሙቀቱ እንዴት ነው?» ይለኛል። ደብረ ብርሃን ለኖረ ሰው ከሙቀት ሌላ የሚጠየቅ ነገር የለም መሰለኝ። እኔ ደግሞ ስለ ሙቀቱ ጀምሬ ሳልጨርስ ወሬው ወደ አጎቴ፣ ወደ ስልኬና መጋላ ሰፈር ውስጥ ወዳለ አንድ ግቢ ይሄድብኛል። በቁሜ አውርቼ የማልዘልቀው ስለሆነ፣ ሄዶ ለማያየውም ሰው ይድረስ ብዬ ቁጭ ብዬ ጻፍኩት።

የሄድኩበትን ምክንያት አስቀድሜ ልናገር። የእናቴ ዓይን ሊጠፋ ነበር። ሐኪሙ እንዳስረዳን በሽታው ዓይንን ከዳር ወደ መሀል እየዘጋ ይመጣል። ያኔ የቀራት በበር ቀዳዳ አጮልቆ እንደማየት ያለ ነው፤ እሱም ቢበዛ ጥቂት ወር ይቆያል ተባልን። እማዬ አላለቀሰችም። «እንግዲያው በላይን ልየው» አለች።

በላይነህ ታናሽ ወንድሟ ነው። በአሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ለምድር ባቡር ሥራ ድሬዳዋ ወርዶ፣ ለአባታቸው ተዝካር አንድ ጊዜ ብቅ ካለ ሠላሳ ዓመት አልፎታል። በስልክ ይነጋገራሉ እንጂ አይተያዩም። እሷ ከአልጋ እስከ በር በሰው ትከሻ ነው የምትሄደው። እሱ ደግሞ «እግሬ መንገድ አይችልም» ይላል። ስልኩ ባለ ቁልፏ ናት፤ ጎረቤቶቹ በኛ ስልክ እንያያችሁ ሲሉት እምቢ እንደሚል ሰምተናል። ለምን እንደሆነ ግን አናውቅም። ስለዚህ እኔ ስልኬን ይዤ እንድሄድና እንዳግባባው፣ ታናሽ ወንድሜ ደግሞ እዚህ እናቴ አጠገብ ሆኖ ስልክ እንዲይዝላት ተወሰነ። እማዬ አንድ ነገር ብቻ አስማለችኝ፤ ስለ ዓይኗ ለወንድሟ እንዳልነግረው።

ማክሰኞ

ለወር ይበቃል የተባለውን ትልቁን የኢንተርኔት ጥቅል ገዛሁ። ወንድሜ «የቪዲዮ ጥሪ ዳታ ስለሚበላ እስክትደርሺ እንዳትነኪው» አለኝ። ስልኩን በነጠላ ጠቅልዬ እንደ እንቁላል ቦርሳዬ ሥር አስቀመጥኩት። ለአጎቴ ስጦታ ከሱቄ ውስጥ ወፍራሙን የሱፍ ብርድ ልብስ መረጥኩ። አሁን ሳስበው ለራሴም ያስቀኛል፤ ያን ቀን ግን ከዚያ የተሻለ ስጦታ አልታየኝም።

አዲስ አበባ ያክስቴ ልጅ ቤት አደርኩ። ሽሮ አቀረበችልኝና እየበላሁ ዕቃዬን ስታይ «ድሬዳዋ ነው የምትሄጂው ወይስ ሞስኮ?» አለችኝ። ቅናት መሰለኝ።

ረቡዕ

ሊነጋጋ ሲል አውቶቡስ ተሳፈርን። አጠገቤ የተቀመጠችው ወደ ድሬዳዋ የምትመለስ ነጋዴ ነበረች። ገና ሳንንቀሳቀስ የት እንደምሄድ፣ የማን እንደሆንኩ፣ ስንት ልጅ እንዳለኝ ጠይቃ ጨርሳለች። እኛ ጋ መንገደኛ ጋቢውን እስከ አፍንጫው ሸፍኖ በመስኮት ያያል እንጂ እንዲህ በአንዴ አይዘመድም። አዳማ ላይ ጋቢዬን አወለቅኩ፤ አዋሽ ላይ ሹራቤን። ከዚያ በላይ ማውለቅ ነውር ስለሆነ ተውኩት።

ሚኤሶን አለፍ እንዳልን ስልኬ ጮኸ። የገዛሁት ጥቅል ግማሹ እንዳለቀ የሚናገር መልእክት ነው። ከቤት ከወጣሁ ወዲህ ስልኩን አንድም ጊዜ አልነካሁትም። ደሜ ፈላና «ሌባ!» ብዬ ጮህኩ። ረዳቱ በወንበሮቹ መሀል እየዘለለ መጣ።

«ምን ተሰረቅሽ እናቴ?»

«ዳታ!»

አውቶቡሱ በሙሉ ሳቀ። አጠገቤ ያለችው ሴት ስልኩን ከእጄ ወስዳ ገልበጥ አድርጋ አየችውና መለሰችልኝ። «አቦ ተይ፣ ሌባሽ እጅሽ ላይ ነው ያለው» አለችኝ። አልገባኝም፤ ተቀየምኳት። ጭሮ ላይ ለምሳ ስንወርድ ግን «ረቡዕ ነው፣ ጾመኛ ነሽ» ብላ የኔን በየዓይነቱ ራሷ አዘዘችልኝ። የተቀየምኩትን እዚያው ረሳሁት።

ደንገጎ ላይ መንገዱ መውረድ ሲጀምር ጆሮዬ ተደፈነ። ከታች ድሬዳዋ እንደ ስጥ ተዘርግታለች። እኛ አገር ከተማን ሽቅብ እያየሁ ነው ያደግኩት፤ ከተማ ከእግሬ ሥር ሲሆን ለመጀመሪያ ጊዜ ማየቴ ነው። ተሳፋሪው በሙሉ ከብዙ ዓመት ስደት የሚመለስ ይመስል ፊቱ ፈካ። መስኮት ሲከፈት የገባው አየር የዳቦ ምድጃ አፍ ላይ የቆምኩ አስመሰለኝ።

መናኸሪያው በር ላይ የጠራሁት ባጃጅ ነጂ አብዲ ይባላል፤ ሠላሳዎቹ ውስጥ ያለ ቀጭን ሰው ነው። የአጎቴን ስም ስነግረው ፍሬን ያዘ። «ጋሽ በላይ? የባቡሩ? አቦ፣ እኔ እኮ ጎረቤቱ ነኝ!» አለና ውሃ በሌለው ወንዝ ድልድይ አሻግሮ፣ ባጃጇ ራሷ ትንፋሿን ሰብስባ በምታልፍባቸው የመጋላ ቅያሶች ይዞኝ ገባ። ሒሳብ ስሰጠው ወላሂ ብሎ እምቢ አለ።

አጎቴ በር ላይ ቆሞ ይጠብቀኛል። ቀኝ ጎኑን ሰጥቶኝ ነበር የቆመው፤ ቁርጥ እናቴን። ስሜው ቀና ስል ግን የፊቱ ግራ ጎን ወደ ታች ወርዷል። ዓይኑ አይከደንም፣ የአፉ ዳር ተንጠልጥሏል። እኔ ምንም ከማለቴ በፊት «እንግዲህ አየሽው» አለኝ። «ሁለት ዓመት ሆነኝ። አንድ ጠዋት ስነሳ እንዲህ ሆኖ ጠበቀኝ። ለእናትሽ ለየሺ እንዳትነግሪ፤ ማይልኝ።»

ማልኩ። ምን አደርጋለሁ? እሷ ዓይኗን ከሱ ደብቃ፣ እሱ ፊቱን ከሷ ደብቆ፣ የሁለቱም መሐላ እኔ ከረጢት ውስጥ ገባ።

ለእራት የግቢው ባለቤት መጣች። ወይዘሮ ሐሊማ ትባላለች፤ ሰፈሩ ሁሉ ለታላቅነቷ «አዴ ሐሊማ» ይላታል። አጎቴ ከሷ ግቢ ውስጥ አንድ ክፍል ተከራይቶ ሃያ ሁለት ዓመት ኖሯል። ትሪ ሙሉ ሩዝ ይዛ መጥታ፣ ሳልጠይቃት «ሥጋ የለበትም፣ ቅቤ የለበትም፣ ድስቱም ለብቻ ነው። የጋሽ በላይን ጾም ከሱ ይልቅ እኔ ነኝ የማውቀው» አለችኝ። ሩዙ ላይ ሙዝ ተቀምጦበታል። እኛ ጋ ሙዝ ሕፃን ሲያለቅስ ነው የሚሰጠው። ቀመስኩት፤ ጨረስኩት። የሌላ ሃይማኖት ሰው ጾሜን እንዲህ ሲጠብቅልኝ ያን ቀን አየሁ።

ሐሙስ

ጠዋት ፈጢራ በማር በላን። ከዚያ ብርድ ልብሱን አወጣሁ። አጎቴ በደህናው የፊቱ ጎን ለረጅም ጊዜ ሳቀ። «ለመገነዣ ነው ያመጣሽልኝ?» አለኝ። አዴ ሐሊማም ዳሰሰችውና «ማሻአላህ፣ ይሄንን ለብሶ የሚተኛ ሰው አለ?» ብላ በጣም አዘነችልን። በመጨረሻ ግቢው መሀል ዳሱ ሥር ምንጣፍ ሆነ።

በብርድ ልብሱ ሲሳቅ ስልኬ እንደገና ጮኸ። ከጥቅሉ የቀረው ሩብ ብቻ ነው አለኝ። እዚያው ብርድ ልብሱ ላይ ቁጭ አልኩ። የእናቴ ዓይን በአንድ በኩል ያልቃል፣ ዳታው በሌላ በኩል ያልቃል፣ አጎቴ ደግሞ ገና እሺ አላለም።

የአዴ ሐሊማ ልጅ ሂንድያ እንባዬን አይታ መጣች። ሂንድያ ድሪያ የሚሉትን ሰፊ ቀሚስና ሻሽ የምትሸጠው በስልኳ ነው። የልብሱን ፎቶ ለደንበኞቿ ትልካለች፤ ሲያዙ አብዲ በባጃጁ ያደርስላታል። ስልኩን ተቀብላ ቅንብሩ ውስጥ ገባች። እኔ ያ ቦታ እንዳለ እንኳን አላውቅም ነበር። የስልኬ ነገሮች በሙሉ ተሰልፈው፣ እያንዳንዱ ስንት እንደበላ ጎኑ ላይ ተጽፎበታል፤ ብዙ የበላው ከላይ።

«ይሄ አንደኛው የቤተሰብ ግሩፕሽ ነው» አለችኝ። «ቪዲዮ በላኩልሽ ቁጥር ሳትከፍቺው ራሱ ያወርዳል።»

ከፈተችልኝ። የወንድሜ ሚስት ዘመዶች በየማለዳው የሚልኩት ጽጌረዳ ያለበት «መልካም ቀን» ነው። በቪዲዮ ነው ጽጌረዳው የሚፈነዳው። ይህ ሁሉ ጽጌረዳ ቦርሳዬ ውስጥ ሲፈነዳ መንገድ ሄጃለሁ!

«ግን እኮ አልነካሁትም። ስልክ ተኝቶ ይበላል?»

«ተኝቶ ነው እንጂ የሚበላው! ስትነኪውማ ያፍራል።»

ከዚያ እየነገረችኝ አንድ በአንድ ዘጋች። ቪዲዮና ፎቶ በራሱ እንዳይወርድ አደረገች። ከጀርባ ሆኖ ዳታ የሚጠቀመውን ሁሉ ከለከለች። የፕሮግራሞች እድሳትና የፎቶ ማስቀመጫው «ዋይፋይ ሲያገኙ ብቻ» እንዲሠሩ አዘዘች። በመጨረሻ ዳታ ቆጣቢውን አበራች። የሷ አያያዝ ደግሞ አስደነቀኝ። ዳታዋን የምትከፍተው በሰዓት ነው፤ ከቁርስ እስከ ቀትሩ ዙህር ሶላት፣ ከዚያ ከተሲያቱ አስር ሶላት በኋላ። ፎቶ የምትልከው አሳንሳ ነው። የምሽቱ መግሪብ ሶላት ከመድረሱ በፊት ዝርዝሩን ከፍታ ማን ምን እንደበላ ታያለች። «ልጅ ካላየሽው ጎረቤት ገብቶ ምን እንደሚበላ ታውቂያለሽ?» አለችኝ። እኔ ሱቅ ሳስተዳድር አሥራ ስምንት ዓመቴ ነው፤ እንዲህ ጥንቁቅ ሆኜ አላውቅም።

«የቀረሽ ካልተነካ ለአጭር ጥሪ ይሆናል» አለችኝ። እኔም ከጥሪው በፊት እጨምርበታለሁ ብዬ ተጽናናሁ። በስልክ ገንዘብ እንዳልገዛ የሚስጥር ቁጥሬን ሦስት ጊዜ ተሳስቼ ከተቆለፈብኝ ወር ሆኖታል። ግን ሱቅ ሞልቷል፤ ካርድ ገዝቼ እሞላለሁ አልኩ።

ዓርብ

ፀሐይ ሳትበረታ አጎቴ ከዚራ የሚባለውን ሰፈር ላሳይሽ ብሎ ወሰደኝ። ድልድዩ ላይ ቆመን ወንዙን አየን። አሸዋ ነው። ሰው ይሄድበታል፣ ፍየል ይተኛበታል። እኛ ጋ ወንዝ ማለት ውሃ ነው። «ሲመጣ ደግሞ ሳይነግርሽ ነው የሚመጣው» አለኝ አጎቴ። ከዚራ ገብተን ዛፎቹ ከላይ በተቃቀፉበት መንገድ ስንሄድ አፌን ከፍቼ ነበር። በዚያ ሙቀት መሀል ዛፍ ብቻውን ይህን ያህል ብርድ ይሠራል ብዬ አስቤ አላውቅም።

በአሮጌው ባቡር ጣቢያ አጠገብ ጥላ ሥር ተቀመጥን። ለሠላሳ ዓመት የሠራበትን በር በአገጩ አሳየኝ።

«ለምን እምቢ ትላለህ?» አልኩት።

«የሺ የምታውቀው ልጅ ቆንጆ ነበር» አለኝ። «ሰርግ ቤት ይዛኝ ስትሄድ 'ይሄ የኔ ወንድም ነው' እያለች ነው የምታስተዋውቀኝ። እስከዛሬ በስልክ ስታዋራኝ ያንን ልጅ ነው የምታዋራው። ለምን ልግደለው?»

መሐላዬን እዚያው አፈረስኩት። ስለ ዓይኗ ነገርኩት፤ ከዳር ወደ መሀል እየጨለመ እንደሚመጣ፣ የቀራት ጊዜ የወር ጉዳይ እንደሆነ፣ ያንን ቀሪ ለማን እንዳስቀመጠችው። የማይከደነው የአጎቴ ዓይን ሁልጊዜም ያነባል፤ ያን ጊዜ ግን ሁለቱም ነበሩ።

«ነገ» አለ በመጨረሻ። «ከዙህር በኋላ። አንድ ጊዜ ብቻ። ደግሞ በቀኝ ጎኔ።»

ስንመለስ ዝርዝሩን ከፍቼ አየሁ። ከትናንት ጀምሮ ስልኬ የበላው ሁለት ሜጋ ነው። ሁለት! በመንገድ በሰዓት መቶ ሲበላ የነበረ ፍጥረት እንዲህ ሲጾም ሳይ ስልክም እንደ ሰው ነው አልኩ፤ የሚያየው ካለ ያርፋል።

ቅዳሜ

አጎቴ ጠዋት ፀጉር ቤት ሄዶ ተላጨ። አዴ ሐሊማ ነጭ ሸሚዙን ተኮሰችለት። ከምሳ በኋላ እኔ ካርድ ልገዛ ወጣሁ።

ከተማው የለም። ጠዋት ሰው ከሰው የሚጋፋበት ቅያስ ውስጥ አንድ ድመት ብቻ አለ። ሱቁ ሁሉ ዝግ ነው፤ ሳምቡሳ የሚሸጥም የለም። አገር ተማክሮ የጠፋ መሰለኝ። ደብረ ብርሃን ሱቅ የሚዘጋው ለቀብር ነው። አንኳኳሁ፤ የሚመልስ የለም። ላቤ እየተንጠባጠበ ስመለስ ሂንድያ ራሷን ያዘች።

«አቦ፣ ለምን ጠዋት አልነገርሽኝም? አሁን እኮ የበርጫ ሰዓት ነው፤ ሰው ወይ ጫቱን ይቅማል ወይ ይተኛል፤ እስከ አሥር ሰዓት ሱቅ የሚከፍት የለም!»

በራሷ ስልክ ልትገዛልኝ ሞከረች፤ አልሄድ አለ። ግቢው ውስጥ ዳሱ ሥር፣ መሬቱ ውሃ ተረጭቶ፣ ጎረቤቶች ጫታቸውን ይዘው ብርድ ልብሴ ላይ ተቀምጠዋል። አጎቴ ለብሶ ጨርሷል። ነገ ይሁን ካልኩት ሐሳቡን ይለውጣል ብዬ ፈራሁ። ባለው እንደውል አልን።

ወንድሜ አነሳ፤ እናቴ ብቅ አለች። አጎቴ ቀኝ ጎኑን ሰጥቶ ተቀምጧል። ሰላምታ ተጀመረ። ደህና ነህ፣ ደህና ነሽ፣ እንዴት ከርመሃል፣ ጎረቤቶችሽስ፣ የእገሊት ልጅስ፣ ዝናቡስ፣ እግዚአብሔር ይመስገን። እኔ በልቤ ሜጋ እቆጥራለሁ። የኛ አገር ሰላምታ ለኢንተርኔት እንዳልተሠራ ያን ቀን ገባኝ።

«ጭጋግ ነው የማየው» አለች እናቴ ድንገት። ድምፅዋ ተለወጠ። «ዓይኔ ነው ወይስ ስልኩ?»

ሂንድያ ከእጄ ነጥቃ አየችው። «ስልኩ ነው! ስልኩ ነው እማ! ቆጣቢው ምስሉን አደብዝዞት ነው» ብላ ጮኸች። «ዛሬ መቆጠብ የለም፤ የቆጠብነው ለዚች ሰዓት ነው» ብላ አጠፋችው። ምስሉ ጠራ። እናቴ «በላይዬ» አለች። «ዙርልኝ።»

አጎቴ ሳይዞር ጥሪው ተቋረጠ። ጥቅሉ አልቋል።

አጎቴ ከተቀመጠበት ተነሳ። «በቃ፣ አየችኝ» አለ። ደስ እንዳለው ፊቱ ላይ አነበብኩ።

«ቁጭ በል ጋሽ በላይ» አለችው አዴ ሐሊማ። ደግማ አልተናገረችም፤ እሱም ተቀመጠ። «ሂንድያ፣ ያንቺን ክፈቺላት።»

ሂንድያ የራሷን ዳታ ለስልኬ አጋራች። ደወልን፤ እናቴ ተመለሰች፤ ሁለት ደቂቃ ሳይሞላ ምስሉ ተሰባበረና ተቋረጠ። የሂንድያ ዳታ አልቋል። ለሳምንት የያዘችው ነበር። «እንዴት ሆኖ?» አለች። አብዲ ጫቱን አስቀምጦ የሱን ከፈተ። ያም አለቀ። አብዲ ማታ ኳስ ሊያይበት ነበር፤ «በሬዲዮ እሰማዋለሁ፣ በሬዲዮ ይበልጥ ያምራል» አለ። አዴ ሐሊማ ወንድ ልጇ ከጅቡቲ የሚደውልላትን ስልክ ከጉያዋ አወጣች። እምቢ ልላት ስል «ዝም በይ» አለችኝ። የሷም አለቀ።

እኔ መሬት ተከፍቶ ቢውጠኝ ደስ ባለኝ። የሦስት ሰው በላሁ! ሂንድያ ስልኬን ይዛ ከላይ ያለችውን ትንሽ ምልክት ትኩር ብላ አየችና ጮኸች። «ያ ራቢ! ብርድ ልብስ ነው የሚበላው!»

ለካ ስልኬ የሰው ዳታ ሲጋራለት ዋይፋይ ያገኘ መስሎታል። «ዋይፋይ ሲያገኙ ብቻ» የተባሉት ሁሉ፣ ከሐሙስ ጀምሮ የጾሙት፣ በአንዴ ተነሱ። ለደንበኛ ላሳይበት ያነሳኋቸውን አንድ ሺህ ምናምን የብርድ ልብስ ፎቶዎች እያንዳንዱን በየቀለሙ ወደ ሰማይ እየጫነ ነው። ጎን ለጎን ደግሞ ፕሮግራሞቹን ያድሳል።

«የኔ ጥፋት ነው» አለች ሂንድያ። «የሞባይሉን በር ዘግቼ የዋይፋዩን ረሳሁ። እኛ እርስ በርስ ስንጋራ እንዲህ ሆኖ አያውቅም፤ የኛ ስልክ ባዶ ነው፣ የሚጭነው የለውም።» እየሳቀች የፎቶ ማስቀመጫውን ገደለችው፣ እድሳቱን አስቆመች። «አሁን ይብላ እንይ!» አለች።

የሚበላ ግን አልቀረም። ያኔ አብዲ ተነስቶ ወጣ። በዚያ ሰዓት በድሬዳዋ የተኛ ሰው መቀስቀስ ነውር ነው። ቅያሱ ላይ በር ሲንኳኳ ሰማሁ፤ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። ከዚያ ሰዎች መጡ። ሽርጡን በአንድ እጁ የያዘ ሽማግሌ መጣ፣ ሻሿን መንገድ ላይ እያሰረች አንዲት ሴት መጣች፣ ፊቱ ላይ የትራስ መስመር ያለበት ጎረምሳ መጣ። ስልካቸውን ይዘው ነው የመጡት። ለምን ብሎ የጠየቀ የለም። ሽማግሌው እንቅልፉን ሳይጨርስ ስልኩን ለሂንድያ ሰጥቶ «የጋሽ በላይ እህት ናት?» ብቻ አለ፤ ብርድ ልብሱ ዳር ተቀመጠ።

እኔ እንዲህ ያለ ነገር አይቼ አላውቅም። አገሬን አልወቅስም፤ የኛም ሰው እንጀራውን ያካፍላል። ግን አንድ ቅያስ ሙሉ ሰው ከእንቅልፉ ተነስቶ ለማያውቃት የደጋ አሮጊት የምታይበትን ዳታ ይሰጣል ብሎ የነገረኝ ቢኖር አላምንም ነበር። እንባዬ መጣ፤ አልደበቅኩትም።

ደወልን። እናቴ እዚያው እንዳለች ነው፤ ወንድሜ እንዳለኝ አልነቃነቅም ብላው ነበር።

«ፊቱን ሙሉ አላይም» አለችኝ። «ቀዳዳዬ ትንሽ ናት። ስልኩን አስጠጊና ቀስ አድርገሽ አስኪጂልኝ። ከግንባሩ ጀምሪ።»

ከግንባሩ ጀመርኩ። ቅንድቡን አሳየኋት፤ «የአባዬ ቅንድብ» አለች። ቀኝ ዓይኑን፣ አፍንጫውን፣ ቀኝ ጉንጩን። ወደ ግራው ስደርስ እጄ ፈጠነ፤ ዘልዬ ወደ አገጩ ወረድኩ።

«መልሺው» አለች።

አጎቴን አየሁት። የሚከደነውን ዓይኑን ከደነ። ከዚያ ራሱ ፊቱን ወደ ስልኩ አዞረ፤ ሙሉውን። ስልኩን ግራ ጉንጩ ላይ አቆምኩት። እናቴ ብዙ ጊዜ አየች።

«ይሄኛው ነው?»

«ይሄኛው ነው የሺዬ።»

«ያንተ ግራ ነው? የኔ ግራ እንዳይሆን።»

«የኔ ግራ ነው። በልብ በኩል» አላትና በእጁ ነካው። ከዚያ እንደ ሕፃን «ታውቂ ነበር?» አለ።

«ሁለት ዓመት ሙሉ ቃል ከአፍህ ባንድ በኩል ሲወጣ የማልሰማ መሰለህ? ጎኑን ግን ድምፅ አይናገርም። ማታ ማታ ስጸልይልህ የትኛው እንደሆነ ሳላውቅ ሁለቱንም ጉንጬን ነው በጠበል የምቀባው። አንዱ ይደርሰዋል እያልኩ።» ወደ ስልኩ ይበልጥ ተጠጋች። «አሁን አወቅኩት።»

እሑድና ከዚያ ወዲህ

እሑድ ጠዋት ሱቅ እንደተከፈተ ካርድ ገዝቼ ለእያንዳንዱ ልመልስ ዞርኩ። አንድም የተቀበለኝ የለም። አብዲ መናኸሪያ ሲያደርሰኝ «አቦ፣ ዳታ እኮ ይመጣል ይሄዳል» አለኝ። አጎቴ በር ላይ የሸኘኝ ፊት ለፊት ቆሞ ነው።

ይህን ስጽፍ ሰባት ወር ሆኗል። የእናቴ ዓይን ከሁለት ወር በፊት ሙሉ በሙሉ ጠፋ። መብራት ቢኖርም ባይኖርም ለሷ አንድ ነው። ማታ ከጸሎቷ በኋላ የጠበሏን ጠርሙስ በእጇ ፈልጋ ታገኛለች፤ ጣቷን ነክራ ግራ ጉንጯን ብቻ ትቀባለች።